ሐሳብ ሲበዛ፣ ልብ ሲከብድ

«ምን ሆነሃል?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ማለዳ ተነስቶ ወደ ማሳ ይሄድ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥታም መደብ ላይ ነው። ቤት ውስጥ እህል አለ፤ እሱ ግን ሁለት ጉርሻ ወስዶ እጁን ይታጠባል። ልጁ ስትጫወት ያያታል፤ አይስቅም። ገበያ መውጣት ትቷል። እድር ሲጠራ «አሞታል በሉልኝ» ይላል። ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ይነቃል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፤ ሐሳብ ብቻ ነው።

ጎረቤት ይህን አይቶ የየራሱን ስም ያወጣለታል። አንዱ «ሰነፈ» ይላል። አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። ሌላው «ዕዳው ነው፣ ሲከፍል ይተወዋል» ይላል። ሚስቱ በበኩሏ «ጠልቶኝ ይሆን?» እያለች በሆዷ ትብሰለሰላለች። ሰውየው ራሱም የያዘውን አያውቀውም። ሲጠየቅ «ራሴን ይወጋኛል፣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ነው የሚለው።

ይህ ነገር ስም አለው። ድባቴ ይባላል። ፊደሉን ለይተን እናንብበው፤ ድ-ባ-ቴ። በዕለት ንግግራችን «ድብርት» የምንለው ነገር ሲከርና ሲሰነብት፣ ሰውን ከሥራና ከሰው ሲለየው ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ድባቴ አንድ ጓደኛ አለው፤ እሱም ጭንቀት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይመጣሉ።

ሕመሙ የከተማ ሰው ወይም የሀብታም ቅንጦት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 280 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድባቴ ነበረበት። ከእነዚህ መካከል አራሽ አለ፣ እረኛ አለ፣ አራስ አለች፣ አስተማሪም አለ።

ኀዘንና ድባቴ

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በሬ የሞተበት ገበሬ ያዝናል። ልጇን የቀበረች እናት ታለቅሳለች። በረዶ ጤፉን ያረገፈበት ሰው «እህል አላሰኘኝም» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ይህ በሽታ አይደለም። ሰው መሆን ነው።

ኀዘን እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። ያዘነ ሰው በለቅሶው መካከል እንኳ የሟቹን ጨዋታ ሲያነሱለት ፈገግ ይላል። ድባቴ ላይ ግን ምንጩ ራሱ ይደርቃል። ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል። ሐኪሞች የሚመለከቱት ይህን ነው፦ ልብ መክበዱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ከቆየ፣ በዚያ ላይ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጉልበቱና ሥራው ከተዛባ፣ ድባቴ ነው ብለው ይጠረጥራሉ።

አገራችን ለኀዘን ጥሩ ሥርዓት አላት። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ንፍሮ ይቀቀላል። ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሰው እያለቀሰም ቢሆን ከሰው ጋር ይበላል። የዚህን ጥቅም የውጭ አገር ሐኪሞች በብዙ ጥናት የደረሱበት ሲሆን፣ እኛ ግን ከአያቶቻችን የተቀበልነው ነው። ችግሩ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሦስተኛው ቀን አልፎ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ ቤቱ ጭር ይላል። ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እኔ የእድር ዳኛ ብሆን ኖሮ፣ ከድስቱና ከወንበሩ መዝገብ ጎን አንድ ሌላ መዝገብ እይዝ ነበር፤ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ማን በየትኛው ቀን ሄዶ እንደሚጠይቅ የሚጻፍበት።

ጅቡ የሌለበት ፍርሃት

ጭንቀትን ለመረዳት ጅብን እናስብ። ማታ ከገበያ ስትመለሱ ጅብ ከፊታችሁ ቢቆም ምን ትሆናላችሁ? ልብ ድው ድው ይላል። ትንፋሽ ይፈጥናል። አፍ ይደርቃል። እጅ ያልበዋል። ሆድ ይታወካል። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም። አካል ለመሮጥ ወይም ለመታገል እየተዘጋጀ ነው። ልብ የሚፈጥነው ለእግርና ለክንድ ብዙ ደም ለመላክ ነው። አፍ የሚደርቀውና ሆድ የሚታወከው፣ በዚያች ሰዓት ምግብ መፍጨት ሥራ ፈት ስለሚሆን ነው። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጭንቀት የያዘው ሰው ዘንድ ጅብ የለም። አካሉ ግን «አለ» ይለዋል። ጅቡን የተካው ሐሳብ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የወሰን ክርክር፣ የቀረ ዝናብ፣ ከተማ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ። እነዚህ በዱላ አይባረሩም፤ ተሮጦም አያመልጧቸው። ስለዚህ አካል ቀን ከሌት እንደተዘጋጀ ይቀራል፤ ይደክማል። ልቡ ሲመታ ደግሞ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል።

ልብን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽን ግን ማዘዝ ይቻላል። ትንፋሽ ሲረጋ ልብ ይከተለዋል። አደራረጉ ቀላል ነው። ጀርባን ደገፍ አድርጎ መቀመጥ። አንድ እጅ ሆድ ላይ ማሳረፍ። በአፍንጫ እየሳቡ እስከ 4 መቁጠር፤ ሆዱ እጁን ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ከዚያ ቀስ ብሎ እያስወጡ እስከ 6 መቁጠር። ዋናው ቁም ነገር አወጣጡ ከአሳሳቡ እንዲረዝም ነው። ይህን ለ5 ደቂቃ ያህል ማድረግ። ጭንቀቱ በመጣ ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ ደህና በሆናችሁበት ሰዓትም ጠዋትና ማታ ልመዱት። በሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠመደው በዋናው እርሻ ቀን አይደለም፤ አስቀድሞ ይገራል። ይህም እንደዚያው ነው።

ሌላም አለ። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ትከሻውን ሰቅሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጡንቻውን ወጥሮ ይውላል። ማታ «ሳልሠራ ደከመኝ» የሚለው ለዚህ ነው። እጅን እርፍ እንደሚጨብጡ አጥብቆ ጨብጦ እስከ 5 መቁጠር፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅ። ትከሻንም፣ ፊትንም፣ እግርንም በየተራ እንደዚሁ። ጡንቻ የመላላትን ስሜት የሚያውቀው ከተወጠረ በኋላ ሲለቀቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የልብ መምታትና የጉልበት ማጣት ሁሉ ከሐሳብ ብቻ አይመጣም። የደም ማነስ ያደክማል። የእንቅርት ሕመም ልብን ያስመታል፤ ወይም በተቃራኒው ሰውን ያፈዛል፣ ድባቴ ያስመስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ መታየት ብልህነት ነው።

እግር ይቀድማል

ድባቴ የያዘው ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት ቃል አለች። «ሲሻለኝ እሠራለሁ» ይላል። እውነት ትመስላለች። በሽታው የሚያታልለው ግን በዚች ቃል ነው። ሥራ ሲተው ማሳውን አረም ይውጠዋል። አረሙን ሲያይ ልቡ ይወድቃል። ልቡ ሲወድቅ ይተኛል። ሲተኛ አረሙ ይጨምራል። እንደ ወንዝ አዙሪት ነው፤ የገባበትን እያዞረ ወደ ታች ይስበዋል።

ከአዙሪቱ የሚወጣው በሥራ በኩል ነው። ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም። እግር ይቀድማል፣ ልብ ይከተላል። ይህ ምክር ብቻ አይደለም፤ በጥናት ተፈትኗል። በእንግሊዝ አገር 440 ድባቴ የያዛቸው ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ግማሾቹን በአእምሮ ሕክምና ብዙ ልምድ የሌላቸው ሠራተኞች በዚህ ቀላል ዘዴ ረዷቸው። ሌሎቹን ረጅም ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች በተለመደው የንግግር ሕክምና ረዷቸው። ከዓመት በኋላ ሲታይ ቀላሉ ዘዴ ከከባዱ አላነሰም።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል? አንድ ወር የተኛን ሰው «ተነስና አንድ ጥማድ መሬት እረስ» ማለት ፌዝ ነው። ሲያቅተው ጭራሽ ይሰበራል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከቤት መውጣት ነው፤ ፊትን መታጠብና የማለዳ ፀሐይ ላይ መቀመጥ። በቃ። የማለዳ ብርሃን ራሱ ይጠቅማል፤ አካል ቀንና ሌሊቱን የሚያስተካክለው በብርሃን ነውና። በሁለተኛው ቀን እስከ ምንጩ ሄዶ መመለስ። በሦስተኛው ቀን የአጥሩን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ማጠር። ቀጥሎ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ የጓሮውን ጎመን አንድ መደብ ማረም። ደስ አይለውም። መጀመሪያ ላይ ደስ እንዲለውም አይጠበቅም። የሚጠበቀው ማድረጉ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቢያቅተው «አለቀልኝ» አይበል፤ በማግስቱ ሥራውን በግማሽ ቀንሶ ይጀምር።

እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ መማር ይጠቅማል። ደብተር አውጡ። ገጹን በሁለት መስመር ለሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ረድፍ የሠራችሁትን ጻፉ። በሁለተኛው ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ልባችሁ ምን ያህል ከብዶ እንደነበር ከ10 ቁጥር ስጡት። በሦስተኛው ረድፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ያለውን ጻፉ። «አጥር አጠርኩ፤ 8፤ 7።» ከ8 ወደ 7 ትንሽ ናት። ግን ድባቴ «ምንም አይለወጥም» ብሎ ሰውን የሚያሳምን በሽታ ነው። ሁለት ሳምንት የተጻፈ ደብተር ይህን ውሸት ፊት ለፊት ያሳያል።

«ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል፤ ምን እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ተንቀሳቀሱ የሚለው ምክር ወንበር ላይ ለሚውል የከተማ ሰው ነው የሚነገረው። የታመመው ገበሬ ግን መንቀሳቀሱን አቁሟል፤ ለእሱ እግሩን ማንሳት መድኃኒት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ምክሩ የማይሠራበት ቤት አለ። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ፈጭታና ጋግራ፣ ልጅ አዝላ የምትውል ሴት «እግርሽን አንሺ» አትባልም። እሷን ያደከማት ያለ እረፍት መሥራቷ ነው። ለእሷ የሚያስፈልገው ሸክሙን የሚጋራት ሰው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከጎረቤቷ ጋር ቁጭ የምትልበት ጊዜ ነው። ድባቴ ከወንድ ይልቅ ሴትን የሚያጠቃው በከንቱ አይደለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ከሆነች ደግሞ ትንፋሽ ቁጠሪ ማለት ስድብ ነው፤ መጀመሪያ ዱላው መቆም አለበት።

አራሷንም አንርሳ። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ብሶ ማልቀስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ፣ እናቲቱ ልጇን ማቀፍ ካስጠላት፣ ልጁ ተኝቶላትም እሷ መተኛት ካቃታት፣ «ክፉ እናት ነች» አትበሉ። ታማለች፤ ሕክምና አለው። የሌለ ነገር የምታይና የምትሰማ ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለበትም።

አግዳሚ ወንበር

በአፍሪካ ደቡብ ዚምባብዌ የምትባል አገር አለች። በዚያ አገር በሾና ቋንቋ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ስም በአማርኛ ቢፈታ «ሐሳብ መብዛት» ማለት ነው። እንደ እኛው ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በዋና ከተማዋ በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባል የድሆች ሠፈር ሥራ ጀመሩ። የሕክምና ክፍል አልነበራቸውም። የአእምሮ ሐኪሞችም በአገሩ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የተገኙት 14 አያቶች ነበሩ፤ በሠፈሩ የታወቁና የተከበሩ እናቶች። ክፍል ከሌለ ተብሎ በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የከበደው ሰው መጥቶ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል፤ ይነጋገራሉ።

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥርዓት አለው። ሰውየው የከበደውን ሁሉ ዘርዝሮ ያወጣል። አያቲቱ ትሰማለች፤ አትፈርድም፣ አትቸኩልም። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ያስመርጡታል። ለዚያ ለአንዱ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሊያደርገው የሚችለውን ትንሽ ነገር ራሱ ይወስናል። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ምን እንደሆነ ይናገራል። እስከ 6 ጊዜ ያህል እንዲህ ይደረጋል። በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ፣ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ሰዎች ከ100ው 50 ያህሉ አሁንም የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን ከ100ው 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በእኛ አገር ይህ እንዴት ይሆናል? ያን መደብ ላይ የቀረውን ገበሬ እንመልሰው። አንድ የሚያምነው ሰው መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ እንበል። «እስቲ የከበደህን ሁሉ ንገረኝ፤ እኔ ልጻፍ» ይለዋል። ገበሬው ይዘረዝራል። አንደኛ በሬው ሞቷል። ሁለተኛ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ሦስተኛ ከወንድሙ ጋር በወሰን ተጣልቷል። አራተኛ ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት አልቻለም። አራቱም በራሱ ውስጥ ሲዞሩ አርባ ይመስሉ ነበር። ወረቀት ላይ ሲወርዱ አራት ናቸው። «የትኛውን እናስቀድም?» ሲባል በሬውን መረጠ። በሬ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ይህን ማሰቡን ለጊዜው ይተው። አንድ በሬ ግን ቀርቶታል። ከወንዙ ማዶ ያሉ አንድ አዛውንትም አንድ በሬ ብቻ እንዳላቸው ያውቃል። መቀናጆ ይቻላል። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራው አንድ ነው፤ ሐሙስ ማታ ሄዶ አዛውንቱን ማነጋገር። ዕዳው አልተከፈለም፤ ወንድሙም አልታረቀም። ግን ሐሙስ ማታ የሚሄድበት አለው።

አድማጭ ለሚሆን ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር እንበል። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ናት፤ ብቻዋን ግን አትበቃም። «ወንድ አይደለህም ወይ?»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ማለት ይጎዳል። የታመመው ሰው ይህን ለራሱ ሌሊት ሌሊት ሲለው ያድራል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ መስማት ይሻላል። የሰማችሁትን ጠላ ቤት እንዳታወሩት። አንዴ ከወጣ ያ ሰው ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሳው ሰውም ራሱ ከራሱ ጋር ይህን ማድረግ ይችላል። ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ያሳሰበውን ይጻፍ። አጠገቡ «ነገ ምን ላደርግለት እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚደረግ ነገር ካለ ይጻፈው። ከሌለ «የለም» ብሎ ይጻፍ። ዝናብ ይዘንብ አይዘንብ እንደሆነ ለሚያሳስበው ሰው «የለም» የምትለዋ ቃል እረፍት ናት።

እንቅልፍ፣ ቡና፣ አረቄ፣ ጫት

እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ተኝቶ ሊያካክሰው ይፈልጋል። ቀን በተኛ ቁጥር ሌሊቱ ይርቀዋል። ማታ የፈለገውን ያህል ቢያመሽ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሳት ነው የሚሻለው። መደብ ላይ ሲገላበጥ ከማደር ተነስቶ እሳት ዳር ትንሽ ቁጭ ብሎ እንቅልፉ ሲመጣ መመለስ ይበጃል።

የቡናን ነገር በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፤ ማንም ከቡናው እንዲጣላብኝ አልፈልግም። በቡና ውስጥ የሚያነቃ ነገር አለ። ይህ ነገር ከተጠጣ ከ5 ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ ገና ከደም አይወጣም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞት ይተኛል። ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ጭንቀት ላለበት ሰው ግን ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እሱም «ጭንቀቱ መጣ» ይላል። ስለዚህ ጠዋት ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ ይቀንስ። ቡናውን ይቀንስ እንጂ የቡናውን ሸንጎ አይተው። ከጎረቤት ጋር መሰብሰቡ፣ ጭሱ፣ ጨዋታው፣ ቁርሱ ራሱ መድኃኒት ነው። በረካው ላይ «ለእኔ ውኃ» ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም።

አረቄ ሌላ ነገር ነው። ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው። ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል፣ እንቅልፉንም ይቆራርጠዋል። ጠዋት ጭንቀቱ በርትቶ ይመጣል። ለእሱ ደግሞ እንደገና ይጠጣል። ሐሳብ ለመርሳት የተጀመረ አረቄ ሁለተኛ ሐሳብ ይሆናል። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ቀን አይቁረጥ። መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥል ነገር ሊያመጣበት ይችላልና በጤና ባለሙያ እየታየ ይተው።

ስለ ጫት ራሳቸው ቃሚዎቹ ያስተምሩናል። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣውን ስሜት ምን ይሉታል? «ድብርት» ይሉታል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ብለው ይጠጣሉ። ለጤነኛው የአንድ ምሽት ነገር ይሆናል። ልቡ ቀድሞውኑ ለከበደ ሰው ግን በጨለማ ላይ ጨለማ መጨመር ነው።

ምግብን በተመለከተ የሚያድን ልዩ ምግብ አለ የሚላችሁን አትመኑ። ባያሰኝም በሰዓቱ ትንሽ መብላት ነው። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ከተገኘም እንቁላሉ ይበቃል። በጾም ወቅት የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሙስሊም ወገናችንም የሃይማኖት አዋቂውን ይጠይቅ። ለሕመምተኛ መንገድ አለው። ጦስኝና ጤና አዳም ያለበት ሻይ ቢጠጣ አይከፋም፤ ሞቅ ያደርጋል። ሥር ተቀጥቅጦ በጥብጦ የሚሰጥ ነገር ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲገናኝም ሊጎዳ ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ። መድኃኒት ከተሰጠው ግን መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ አያቋርጥ።

ቤት ውስጥ የማይበቃበት ጊዜ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለቀላሉና ለመካከለኛው ሕመም ብዙ ይረዳል። ሕመሙ ሲጠና ግን ብቻውን አይበቃም። ሰው መብላት ካቆመ፣ ከመደብ መነሳት ካቃተው፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ የቤት ሕክምና ጊዜ አልፏል።

ይህ የመጨረሻው ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ሰው «ብጠይቀው ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ» ብሎ ይፈራል። እንደዚያ አይደለም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ የታመመውን ሰው ያቀለዋል እንጂ። «አዎ» ካለ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ በኃጢአት አታስፈራሩት። ብቻውን አትተዉት። የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ፣ ታማሚ በሌለበት ቤትም ቢሆን ይደረግ። የተባይና የነቀዝ መድኃኒት አልጋ ሥርና ጓዳ ውስጥ አይቀመጥ። ይቆለፍ፤ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ወይም ጎረቤታሞች ሆናችሁ በአንድ ቦታ አስቀምጡት። ሰው ራሱን ሊያጠፋ የሚነሳሳበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ያ ሰዓት ሲመጣ መርዙ እጁ አጠገብ ከሌለ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሰውም ይተርፋል። ስሪላንካ የምትባል የገበሬዎች አገር በጣም መርዛማ የሆኑትን የተባይ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምራ በየተራ ከልክላለች። ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል።

ወዴት ነው የሚኬደው? በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠር ቀበሌው ተመድበዋል። ለእነሱ መንገር አንድ መጀመሪያ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ይመሩታል፤ ስለ አእምሮ ሕመም ሥልጠና ያገኙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ነው የሚታየው፤ «እኔ አላበድኩም» ብሎ ይቀራል። ድባቴ እብደት አይደለም። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሐኪሙ እንክብል ቢሰጥ ሁለት ነገር እወቁ። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በአንድ ሰዓት አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ ላይም ይዘገያል። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ሲሻለው በራሱ ያቆመዋል። ከተሻለ በኋላም ለወራት መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሚቆመውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። አጥሩን ማጠሩን፣ መራመዱን፣ ሐሙስ ማታ አዛውንቱ ዘንድ መሄዱን ግን ክኒን እየዋጠም አይተው።

ጤና ጣቢያ ደርሶ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ቃል ይጠፋል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ይቸኩላል፤ ሰው «ራሴን ያመኛል» ብሎ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀኑን ጻፉ። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትነቁ ጻፉ። ምግብ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ሥራ እንደተዋችሁ፣ ቡና፣ አረቄና ጫት ምን ያህል እንደሆነ ጻፉ። ለመናገር የሚያሳፍራችሁን ደግሞ በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፉት። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ ሐኪሙ ያነበዋል። ወረቀቱን አጥፋችሁ በኪሳችሁ ያዙና፣ ተራችሁ ሲደርስ ምንም ሳትናገሩ እጁ ላይ አድርጉለት።